ከቱሉ ዲምቱ ላይ ቆሞ ሲታይ፤ ምድር ስለ ምን ትጎደጕዳለች?

ከአቃቂ ወጥቶ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተው የፍጥነት መንገድ የክፍያ በር አጠገብ ሲደርስ ቱሉ ዲምቱ ከሚባለው ስፍራ ደረሰ ማለት ነው። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው፤ ዲምቱም ቀይ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ብዙ ሳይደክሙ ዓይናቸው ያየውን ተናግረዋል። ዛሬ በዙሪያው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስለ ተሠሩና መኪናው ስለ በዛ፣ ስፍራው ኮረብታ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት አንድ ጧት፣ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፣ ከከፍታው ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በስተ ሰሜን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው እንጦጦ እንደ ግንብ ተዘርግቷል። በስተ ምዕራብ ወጨጫና ፉሪ፣ በስተ ምሥራቅ የረር፣ በስተ ደቡብ ደግሞ በራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመው ዝቋላ ቆመዋል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለው ምድር ዝቅ ብሎ፣ በአቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ተመልካቹ የቆመው በተራራ አናት ላይ መስሎት ሳለ፣ በእውነቱ በአንድ ትልቅ ገበታ ውስጥ ነው። የገበታው ስፋት 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ የሚዘንበው ዝናብ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ተሰብስቦ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል።

ይህ ገበታ ከየት መጣ? ማን ቆፈረው? ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሳለን «ሸለቆን የሚቆፍረው ውኃ ነው» የሚለውን ቃል ይዘን ወጥተናል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። በአገራችን ጎድጓዳ ምድርን በመሥራት ረገድ ውኃ ኋላ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ከእርሱ በፊት እሳት ብዙ ሠርቷል።

በኮረብታው ጥግ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ ነበር። ከመሬት አንድ ቀይ ድንጋይ አንሥቼ፣ «አባቴ፣ ይህ ድንጋይ ስለ ምን ቀላ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ተቃጥሎ ነዋ ልጄ» አሉኝ፤ «ጡብም ሲቃጠል ይቀላ የለም እንዴ?»

ቀጥለውም ያልጠየቅኋቸውን ነገሩኝ። «በዚያ በመረሬው ላይ ክረምት ሲመጣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ይሰጥም ነበር። እዚህ ቀዩ ላይ ግን ዝናቡ ቆሞ አያውቅም፤ ምድሩ ይጠጣዋል።»

ሽማግሌው በሁለት ዐረፍተ ነገር የሥነ ምድር ሊቃውንት ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን ነገር ጨረሱት። ድንጋዩ የቀላው በእርግጥ ትኩስ ሳለ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከአየርና ከእንፋሎት ጋር ተገናኝቶ እንደ ዛገ ምስማር ቀልቷል። ከምድር በታች ያለው ቅልጥ አለት በስንጥቅ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ፣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ይፈታና ቅልጡን እየበጠሰ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። የተረጨው ፍንጣሪ በአየር ላይ ሳለ ይጠነክርና በአፉ ዙሪያ ይከመራል፤ ክምሩም ኮረብታ ይሆናል። ድንጋዩን ቀረብ አድርጎ ላየው ሰው ቀዳዳው እንደ እንጀራ ዓይን የበዛ ነው። ይህም ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በምጣድ ላይ የእንጀራውን ዓይን የሚከፍተው ጋዝ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዚህን ድንጋይ ዓይን የከፈተውም ጋዝ ነው። ግንበኞች ገረጋንቲ እያሉ ለመንገድና ለቤት መሠረት የሚያነጥፉት ቀይ ድንጋይ ይኸው ነው።

እንጦጦ ሽማግሌ ነው፤ ሊቃውንት ዕድሜውን ወደ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ያደርሱታል። በአቃቂና በቢሾፍቱ መካከል የተበተኑት ቀይ ኮረብቶች ግን ከሦስት ሚሊዮን ዓመት የማይበልጡ ልጆች ናቸው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረርም ለየራሳቸው እሳተ ገሞራ ነበሩ። ከየረር አንሥቶ በወለጋ እስካለው እስከ ቱሉ ወለል ድረስ አንድ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መቀነት ምድሩን አቋርጦ ይሄዳል። አዲስ አበባ በ1870ዎቹ መጨረሻ ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱን የሳበው የፍል ውኃም የሚፈልቀው ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ የአቃቂ ገበታ በአንድ ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ አይደለም። እሳቱ በዙሪያው ተራሮችን ሲገነባ መካከሉ ሳይገነባ ቀረ፤ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ ምድሩ በስንጥቆች ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረደ። አጥር ሲታጠር ግቢ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ተራራ ሲበቅልም ሜዳ ይገኛል። አንዳንዱ ጎድጓዳ ምድር የሰመጠ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ያደጉበት ነው።

አሁን ከቱሉ ዲምቱ እንውረድና ወደ ቢሾፍቱ እንሂድ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከዚያ እንደርሳለን። በዚያ የምናገኘው ቅልጥ አለት የቱሉ ዲምቱ ዘመድ ነው፤ የሠራው ሥራ ግን ተቃራኒ ነው። ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ አረንጓዴው ሐይቅ፣ ኪሎሌ፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ድስት የጎደጎዱ የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተለኩ ጊዜ የሆራ ጥልቀት 38 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ደግሞ 87 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሐይቆች ትልቅ ወንዝ አልገባባቸውም፤ ዋሻም አልተደረመሰባቸውም። ታዲያ ማን እንዲህ አጎደጎዳቸው?

በጋለ ምጣድ ላይ ጠብታ ውኃ ሲወድቅ እንዴት እንደሚንጫጫና እንደሚፈናጠር ወጥ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከሺህ እጥፍ በላይ ስፍራ ይፈልጋል። በቢሾፍቱ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረው ቅልጥ አለት በመንገዱ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ አገኘ። ውኃው በድንገት እንፋሎት ሆነ፤ በላዩ የነበረው ምድር ክዳኑ እንደ ተጣበቀ ድስት መውጫ ከለከለው፤ በመጨረሻም ክዳኑ ተፈነቀለ። አለቱ ደቅቆ በዙሪያው እንደ ቀለበት ተደፋ፤ መካከሉም ባዶ ቀረ። ባዶው እስከ ከርሰ ምድር ውኃ ድረስ ስለ ወረደ ውኃው ራሱ ሰርጎ ሞላው። ዛሬ በመስከረም ማለቂያ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት የሆራ ዳርቻ የዚያ ፍንዳታ ከንፈር ነው።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እወዳለሁ። እሳቱ በደረቅ ምድር ሲወጣ ኮረብታ ተከመረ፤ በእርጥብ ምድር ሲወጣ ጉድጓድ ተከፈተ። ቱሉ ዲምቱና ሆራ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የለያያቸው የውኃ መኖርና አለመኖር ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። በሸዋ ገጠር እህል በጉድጓድ የሚከተትበትን ዘመን ያዩ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ እህሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ክዳኑ ሸክም ከበዛበት ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ከአንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ሥር ያለው ቅልጥ በአንድ ጊዜ ተተፍቶ ሲያልቅም ጣሪያው እንዲሁ ይሰምጣል። በስምጥ ሸለቆአችን ያለው የሻላ ሐይቅ በእንዲህ ያለ መደርመስ የተሠራ ነው፤ ጥልቀቱም 266 ሜትር ይደርሳል። በአንጻሩ የጣና ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣና ባለበት አስቀድሞ የረበደ ምድር ነበረ፤ ኋላ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ፈስሶ ዓባይ የሚወጣበትን በር ስለ ዘጋው ውኃው ተጠራቀመ። በባሌ ደግሞ የዚህ ኮረብታ ሞክሼ የሆነው፣ 4,377 ሜትር የሚረዝመው ቱሉ ዲምቱ ባለበት በሳነቴ አምባ ላይ፣ በጥንቱ የብርድ ዘመን የበረዶ ግግር ተንሸራቶ ምድሩን ቧጥጧል። እንግዲህ እሳትም፣ ውኃም፣ በረዶም ለየራሳቸው ቆፋሪዎች ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ቆፋሪ ግን አይቸኩልም። ቁርበት ሁለት ሰዎች በሁለት ወገን ይዘው ሲጎትቱት መካከሉ ይሳሳል፤ ከባድ ነገር ቢያርፍበትም ይረግባል። የኢትዮጵያ ምድር ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ እንዲህ እየተጎተተ ነው፤ የምዕራቡ ወገን ከአፍሪቃ ጋር ሲቀር፣ የምሥራቁ ወገን ከሶማልያ ጋር ይርቃል። የሚራራቁበት መጠን በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሰው ሰማንያ ዓመት ቢኖር፣ ሲወለድና ሲሞት ባለው ጊዜ ሸለቆው አንድ ክንድ እንኳ አይሰፋም። ይህን የሰማ ተማሪ «ታዲያ ምን ያሳስበናል?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱ ምድር ሁልጊዜ በሚሊ ሜትር አለመክፈሏ ነው። ዕዳዋን ለብዙ ዘመን አጠራቅማ በአንድ ቀን የምትከፍልበት ጊዜ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በደባሁ አካባቢ፣ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ አለት ገባና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምድሩ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የመጡ ሊቃውንት ከስፍራው ደርሰው አጥንተውታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠች፤ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። አዲስ አበባም ውስጥ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች አምፖላቸው ሲወዛወዝ አይተዋል፤ በአፋርና በኦሮሚያ ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ሸለቆው የካርታ መሥመር ብቻ ሳይሆን ገና ያላለቀ ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ ሁላችንም ተረዳን።

የተጎደጎደ ምድር እንደ ተጎደጎደ አይቀርም፤ ወዲያው መሞላት ይጀምራል። የደናክል ረባዳ ለዚህ ትልቁ ምስክር ነው። በዳሎል አጠገብ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር በተደጋጋሚ እየገባ አጥለቅልቆታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበት ከአንድ መቶ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ይባላል። በሰሜን በኩል ምድሩ ከፍ ብሎ የባሕሩን በር ሲዘጋው የታሰረው ውኃ በፀሐይ ተነነ፤ ጨውም ቀረ። የጨው ንጣፉ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ይገበይ የነበረው አሞሌ ከዚያ እየተጠረበ በግመል የመጣ ነው። አያቶቻችን ላምና ማር የገዙበት ገንዘብ የደረቀ ባሕር ቁራጭ መሆኑን ማሰብ ደስ ያሰኛል።

በሌሎቹ ገበታዎች የሚሞላው ጨው ሳይሆን ደለል ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ምድር የገቢና የወጪ መዝገብ አለው ብንል ነገሩ ይቀላል። ምድር ስትሰምጥ ባዶው ይበዛል፤ ወንዝ አፈር ሲያወርድበት ባዶው ይቀንሳል። ለውኃውም ሌላ መዝገብ አለ፤ ዝናብና ምንጭ ያገባሉ፤ ፀሐይና መፍሰሻ በር ያወጣሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ይባሉ እንጂ፣ ዝናብ በበዛባቸው በጥንት ዘመናት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውኃውም ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ጣናም ቢሆን ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደ ነበረ ከወለሉ የተቆፈረው ጭቃ መስክሯል።

እነዚያን ለውጦች ያመጣው ሰማይ ነው። በእኛ ዘመን ግን በመዝገቡ ላይ የሚጽፍ ሌላ እጅ ተጨምሯል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ለመስኖና ለከተማ የሚሳበው ውኃ ስለ በዛ፣ ደለሉም ስለ ሞላው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው በከፊል መመለሱ ምድር ይቅርታ ማድረግ እንደምትችል ቢያሳይም፣ ይቅርታዋ በየቦታው አይገኝም። አቢያታ ለሶዳ አሽ ሥራ ውኃው ስለ ተሳበና የሚመግበውም ውኃ ከላይ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ከዳርቻው እየሸሸ ነው። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፤ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው፣ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከሥሩ ከሚመነጨው ፍል ውኃ ሌላ፣ በዙሪያው ከሚጠጡት እርሻዎች የሚሰርገው ውኃ እንደ ጨመረበት ይነገራል። የመኪናውንና የባቡሩን መንገድ ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ኪሎሌም በ1981 ዓ.ም. ገደማ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተጠልፎ ስለ ገባበት፣ ለዘመናት ሶዳ የነበረው ውኃው ጣፈጠ። አንዱ ሐይቅ ሲደርቅ፣ ሌላው ሲያብጥ፣ ሦስተኛው ጣዕሙን ሲለውጥ ያየ አንድ የገጠር ሰው «የዛር ነገር ነው» ቢል አይደንቅም። ነገሩ ግን የመዝገብ ነገር ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ አቃቂ ገበታ እንመለስ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ እርሱ ለመናገር ነውና።

የገበታውን ወለል የሞላው ከዙሪያው ተራሮች የታጠበው ደቃቅ አፈር ነው፤ እርሱም ሽማግሌው የጠቀሱት መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ጠግቦ አንድ ጠብታ ወደ ታች አያሳልፍም፤ ውኃው በላዩ ይተኛል። በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ ከፍና ዝቅ በሚል አፈር ላይ መሠረቱን በቀጥታ ያሳረፈ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኞቻችን ጥቁሩን አፈር አንሥተው በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላሉ። ገረጋንቲውም የሚመጣው ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ካሉት ቀይ ኮረብቶች ነው።

እንግዲህ እየተሠራ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ኮረብታውን ንዶ ሜዳውን መሙላት ዝናብና ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመት የሚሠሩት ሥራ ነው፤ እኛ በገልባጭ መኪና በአንድ በጋ እንሠራዋለን። ኮረብታ የነበረው ጉድጓድ ይሆናል፤ ረባዳ የነበረው ይደለደላል። ከተማ ያለ ቤት፣ ቤትም ያለ መሠረት አይሆንምና ይህን ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይገባም። እኔም የምኖርበት ቤት ከሥሩ ቀይ ድንጋይ አለው።

ነገሩ የሚከብደው ቀዩ ድንጋይ ሌላ ሥራ ያለው ስለ ሆነ ነው። ዓይነ ብዙ በመሆኑ ዝናቡን ይጠጣዋል፤ የጠጣውንም ከሥሩ ላሉት ስንጥቅ ለበዛባቸው ጥቁር ድንጋዮች ያቀብላል። በዚያ ጥልቀት፣ ከእንጦጦና ከሌሎቹም ከፍታዎች ሰርጎ የመጣው ውኃ ተጨምሮበት፣ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ተከማችቷል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ብዙው ክፍል ከአቃቂ ጉድጓዶች በፓምፕ ይሳባል። በጉድጓዶቹ ውስጥ የውኃው ወለል ወደ ታች መውረዱንም ጥናቶች አመልክተዋል። ላዩ ሲታይ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ግን ለከተማይቱ የተቀመጠ እንስራ ነው። የእንስራው አፍ ደግሞ በከፊል እነዚያ ቀይ ኮረብቶች ናቸው።

አፉ ክፍት ሲሆን የገባውን ሁሉ ይቀበላል፤ አይመርጥም። ድንጋዩ ተቆፍሮ የወጣበት ጉድጓድ ሜዳ ላይ ባዶ ሲቀር፣ ቆሻሻ መጣያ ለሚፈልግ ሁሉ የተዘጋጀ ስፍራ ይመስላል። ከጎድጓዳ ምድር ሁሉ ለቆሻሻ የማይመቸው ግን ይኸው ነው፤ መረሬው ዝቃጩን በላዩ ባስቀረው ነበር፤ ቀዩ ድንጋይ ግን ሳያጣራ ወደ ታች ያወርደዋል። የከተማው እድፍና የፋብሪካው ዝቃጭ የወረደባቸው የአቃቂ ወንዞች ምን እንደ መሰሉ በድልድይ ላይ ያለፈ ሰው በአፍንጫው ያውቃል። ወንዝ ቢቆሽሽ ይታያል፤ የከርሰ ምድር ውኃ ቢቆሽሽ ግን የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በወንዝ በጥቂት ዓመት የሚጠራው በዚያ ትውልድ ይፈጃል።

የገበታውን ታችኛ ጫፍም ማየት ያስፈልጋል። አባ ሳሙኤል በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ታድሷል፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ከላይ ያለው ምድር ሲራቆት የሚታጠበው አፈር፣ ከከተማው የሚወርደውም ሁሉ፣ መጨረሻ የሚያርፈው በዚያ ነው። ደለል ሞልቶታል፤ እምቦጭም ለብሶት ይታያል። ሰው የሠራው ገበታ እንደ ተፈጥሮው ሁሉ ይሞላል፤ ልዩነቱ የተፈጥሮው በሺህ ዓመት፣ የኛው በአንድ የሰው ዕድሜ መሙላቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ስለ ሜክሲኮ ከተማ ሰምተው «አቃቂም ውኃው ሲሳብ እንደዚያ ይሰምጥ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ሜክሲኮ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው፤ ከሥሯ ውኃው ሲሳብ ጭቃው እንደ ተጨመቀ ጥጥ ይተኛል፤ በአንዳንድ ሰፈሯም ምድሩ በዓመት ግማሽ ሜትር ያህል ወርዷል። የአቃቂ ውኃ ግን በአብዛኛው የተቀመጠው በጠንካራ አለት ስንጥቅና ዓይን ውስጥ ስለ ሆነ፣ አለቱ ውኃው ቢወጣም ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ፍርሃቱ እዚህ የዚያን ያህል አይበረታም። ከምድሩ መስመጥ ይልቅ የሚያስፈራው የእንስራው መጉደልና መበከል ነው፤ ይህም ቤት ስለማያፈርስ፣ የጋዜጣ ፎቶግራፍም ስለማይወጣለት፣ በቀላሉ ይዘነጋል።

በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የቁፋሮ ፈቃድ፣ የቦታ ካርታ፣ የቆሻሻ ማከማቻ ደብዳቤ የሚፈርሙ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ካሬ ሜትር፣ በዚህ በኩል መንገድ፣ በዚያ በኩል ወንዝ ይላል። ምድሩ ቀይ ይሁን ጥቁር ግን በወረቀቱ ላይ አይታይም። ያን ለማወቅ ጫማ አጥልቆ መውጣት ይበቃል፤ ከዝናብ በኋላ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

እኔም ከሽማግሌው ጋር ሳለሁ ዝናብ መጣብንና ከአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተጠለልን። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ወርዶ አቆመ። በስተ ታች በኩል ያለው የመረሬ ማሳ እንደ መስተዋት አብለጭልጮ ሰማዩን ያሳይ ነበር። ከአጠገባችን ያለው፣ ሦስት ሰው ቁመት የሚያህል የገረጋንቲ ጉድጓድ ግን ወለሉ ላይ አንድ ኩሬ እንኳ አልነበረውም፤ ከቀዩ ግድግዳ ቀጭን እንፋሎት ብቻ ይነሣ ነበር። ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ጉድጓዱ እያመለከቱ፣ «አየኸው ልጄ፤ ጨረሰው እኮ» አሉኝና ከብታቸውን ሊነዱ ተነሡ።